ያልገጠመው በር
(የጥገና ቡድናችን በወርሃዊው ስብሰባ ላይ ያቀረበው ንግግር)



ዛሬ የምናወራችሁ ስለ በር ነው። ባለፈው ክረምት አንዲት አባላችን ከሁለት ሴት ልጆቿ ጋር የምትተኛው የእህል ጆንያ በሩ ላይ አስደግፋ ነበር። በሩ ተጣሞ መወርወሪያው መግቢያውን አያገኝም። አናጢ ብትጠራ «ይህ አይጠገንም፣ አዲስ ይሠራ» አላት። የጠራው ዋጋ ከቤት ኪራይዋ ይበልጣል።

እኛም ብንሆን ለመኩራራት ፊት የለንም። ካቻምና ነሐሴ ላይ የዕቃ ቤታችን በር አብጦ አልዘጋ ሲል በመላጊያ ላግነው። በዕለቱ እንዴት ደስ አለን! ጥር ሲገባ እንጨቱ ደርቆ ተሰበሰበና ከመቃኑ ጋር ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተፈጠረ። አይጦቹ ስንዴውን ምን እንዳደረጉት ታስታውሳላችሁ። እንጨት በክረምት እርጥበት ጠጥቶ በወርዱ ይሰፋል፣ በበጋ መልሶ ይጠብባል፤ ቁመቱ ግን እምብዛም አይለወጥም። ለዚህ ነው በክረምት ለመላግ መቸኮል የማይገባው።

ስለዚህ አባላችን ቤት ስንሄድ መላጊያውን ከሳጥኑ አላወጣንም። መጀመሪያ ቀጥ ያለ ዘንግ በሩ ላይ አስጠግተን አየን። መሃሉ ወደ ውስጥ ተቆልምሟል። ምክንያቱንም እዚያው አገኘነው፤ የባሕር ዛፉ ሳንቃ በውጭ በኩል ብቻ ቀለም ተቀብቷል፣ በውስጥ በኩል ራቁቱን ነው። የወጡንም የሻዩንም እንፋሎት የሚጠጣው ያ ጎን ነበር። በዚያ ላይ የላይኛው ማጠፊያ ብሎኖች ላልተው በሩ ዘምሟል።

በሩን ነቅለን፣ ነፋስ በሚያገኘው በረንዳ ላይ ሁለት ጫፉን በእንጨት ደግፈን፣ ያበጠውን ጎን ወደ ላይ አድርገን መሃሉን ድንጋይ ጫንንበት። እሳት አጠገብ አላደረግነውም፤ በድንገት ከደረቀ ይሰነጠቃል። እናትና ልጆቹ እስኪሰቀል ድረስ ጎረቤት አባላችን ቤት አደሩ። የላሉትን የብሎን ቀዳዳዎች ኮላ በተቀባ የክብሪት እንጨት ሞላናቸው፤ ሲደርቅ ብሎኑ ጥብቅ ብሎ ያዘ።

እውነቱን ለመናገር በሩ ሙሉ በሙሉ አልቀናም። የቀረውን በመሮ ጨረስነው፤ መቃኑ ላይ ያለውን የመወርወሪያ መግቢያ ትንሽ አሰፋነው። ትልቋ ልጅ ሦስት ጊዜ ዘግታ ከፈተችው። ከዚያ ጆንያውን ራሷ ጎትታ ወደ ጓዳ መለሰችው።

ኅዳር ላይ እንጨቱ ሲደርቅ ተመልሰን በብርጭቆ ወረቀት አሽተን ውስጡንም ውጭውንም ዘይት ቀለም ቀባነው። የላይና የታች ጠርዙን ሁለት ጊዜ ደገምነው። ሳንቃ የተቆረጠበት ጫፍ ውኃ የሚጠጣው ከፊቱ ይበልጣል፤ ማንም ስለማያየው ግን ሁሉም ሳይቀባው ያልፋል።

ደጋፊዎቻችን የገዛችሁልን የመሣሪያ ሳጥን ይህን ሠርቷል። ዘንድሮ ዝናቡ ሳይጠና፣ በግንቦት፣ የሌሎች አባሎቻችንን በሮች ጠርዝ ለመቀባት አስበናል። ቤታችሁ የተረፈ ዘይት ቀለም ካለ፣ ግማሽ ጣሳም ቢሆን፣ ለሚቀጥለው ስብሰባ ይዛችሁ ኑ። ቀለሙ የተለያየ ቢሆን ግድ የለም።