ዕድሜን የሚገልጸው ሐረግ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ

ለእንግሊዝኛ ቋንቋ መምህራን የቀረበ ንግግር



በሀደሮና በአካባቢዋ በከምባትኛ አፉን የፈታ ልጅ አማርኛን ሁለተኛ፣ እንግሊዝኛን ሦስተኛ ቋንቋው አድርጎ ይማራል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ ስለ ደነገገ፣ ይህ ልጅ ሒሳቡንም ሳይንሱንም የሚጽፈው በሦስተኛ ቋንቋው ነው። በመሆኑም በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ሳትታረም የቀረች ትንሽ ስሕተት በሌላውም ትምህርት ትከተለዋለች። ከእነዚህ አንዷ የምትታየው ዕድሜን በሚገልጸው ሐረግ ላይ ነው።

ተማሪው «ልጁ አምስት ዓመቱ ነው» ለማለት «ሂ ኢዝ ፋይቭ ይር ኦልድ» ብሎ ይጽፋል። ይህ ከስንፍና የመጣ አይደለም። አማርኛ ቍጥር ከቀደመ ዓመትን የግድ አብዛ አይልም፤ «አምስት ዓመት» ይበቃል። እንግሊዝኛ ግን ሐረጉ ከግሥ በኋላ ሲመጣ «ፋይቭ ይርስ ኦልድ» ተብሎ እንዲበዛ ይሻል። ይህን የተማረ ልጅ ደግሞ ወደ ሌላው ጫፍ አልፎ «ኤ ፋይቭ ይርስ ኦልድ ቦይ» ይላል። ሐረጉ ከስም በፊት ሲቀመጥ ግን ዓመት በነጠላ ይጻፋል፤ ሦስቱም ቃላት ሃይፈን በምትባለው አጭር ጭረት ይያያዛሉ፤ ይኸውም «ኤ ፋይቭ-ይር-ኦልድ ቦይ» ነው። ስሙ ቀርቶ ሐረጉ ራሱ በስም ቦታ ሲቆምም ጭረቶቹ አይለቁም።

ጭረቷ ጌጥ አይደለችም። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኩፍኝ ክትባት የሚሰጠው በ9 ወር ዕድሜ ነው። «ናይን-ማንዝ-ኦልድ ቤቢስ» ብሎ የጻፈ የጤና ሠራተኛ 9 ወር የሆናቸውን፣ ለክትባቱ የደረሱትን ሕፃናት ያመለክታል። የመጀመሪያዋን ጭረት ትቶ «ናይን ማንዝ-ኦልድ ቤቢስ» ቢል ግን፣ አንባቢው የሚረዳው ገና 1 ወር የሆናቸውን 9 ሕፃናት ነው። ክትባቱ ለእነዚህ ጊዜው አልደረሰም።

ይህን ለማስረዳት መምህሩ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። «የዘጠኝ ወር ሕፃናት» እና «ዘጠኝ የአንድ ወር ሕፃናት» ሲባል ልዩነቱን የሚስት ተማሪ የለም። ሁለቱን በዋናነት የለየው «የ» የቆመችበት ስፍራ ነው። እንግሊዝኛ ይህን ሥራ ለጭረት ሰጥቶታል። ከምባትኛም እንደ አማርኛ ገላጩን ከስሙ ያስቀድማልና፣ የቃላቱ ቅደም ተከተል ለሀደሮው ልጅ እንግዳ አይሆንበትም፤ ከምባትኛ የሚጻፍበትም የላቲን ፊደል ስለ ሆነ ፊደሉም አዲስ አይደለም።

እንግዲህ ሁለቱን ዓረፍተ ነገሮች በሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ጽፎ፣ «ከሐረጉ በኋላ ስም ይከተላል ወይስ አይከተልም?» ብሎ መጠየቅ ይጠቅማል። ስም ከተከተለ ነጠላና ጭረት፤ ከግሥ በኋላ ብቻውን ከቆመ፣ ቍጥሩ ከአንድ እስከ በለጠ ድረስ፣ ብዛት ያለ ጭረት። ተማሪው ይህን ሲለምድ ደንቡን የሚይዘው በቃል ሸምድዶ ሳይሆን ቀድሞ በሚያውቃቸው በሁለቱ ቋንቋዎቹ ተደግፎ ይሆናል።