ከአዲስ አበባ ዙሪያ መኖሪያ ሲመረጥ

ሥራው አዲስ አበባ ሆኖ በዙሪያዋ ባሉ ከተሞች መኖር የሚያስብ ቤተሰብ ከቤት ኪራዩ በፊት መንገዱን ማየት ይኖርበታል። ሱሉልታ በጎጃም መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ፣ ሰበታ በጅማ፣ ለገጣፎ በደሴ መስመር ላይ ይገኛሉ። የኪሎ ሜትሩ ርቀት ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ ወሳኙ ጠዋትና ማታ መንገድ ላይ የሚያልፈው ሰዓት ነው። የሱሉልታ ነዋሪ የእንጦጦን ሰንሰለት ተሻግሮ ወደ አዲሱ ገበያ ይወርዳል፤ በክረምት ጭጋጉም ብርዱም ይበረታል። ከለገጣፎ የሚነሳ ግን አያት ድረስ በታክሲ ሄዶ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን ቀላል ባቡር መያዝ ይችላል።

ቢሾፍቱ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅም፣ በ2007 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ጉዞውን አቅልሎታል። መንገዱ ግን ያስከፍላል። በኪራይ የተረፈው ገንዘብ የሚታወቀው የመንገዱ ክፍያና ነዳጁ ከተቀነሱ በኋላ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው የልጆች ትምህርት ነው። ከተሞቹ በኦሮሚያ ክልል ሥር በመሆናቸው የመንግሥት ትምህርት ቤቶቻቸው በዋናነት በአፋን ኦሮሞ ያስተምራሉ። በአማርኛ ሲማር የቆየ ልጅ ላይ ቋንቋውን በድንገት መለወጥ ይከብዳል፤ አዲስ አበባ ማመላለስም ሕፃኑን ገና ሳይነጋ መቀስቀስ ነው። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ ከቤቱ በፊት መገኘት አለበት።

ውኃ በየስንት ቀኑ እንደሚመጣ፣ ከመሸም ታክሲ መኖር አለመኖሩን የሰፈሩ ነዋሪዎች ያውቃሉ። ውል ከመፈረሙ በፊት መንገዱን በሥራ ቀን ጠዋት መሞከርም ይበጃል።