መጠለያው በሽታ እንዳያዛምት
በመካነ ሰላምና በአካባቢው ወረዳዎች ለሚኖሩ የቀረበ ንግግር



አደጋ ሲደርስ ሰውን ከስፍራው ማንሳት የዕቅዱ ግማሽ ነው። ቀሪው የተነሳው ሰው የሚያርፍበት ቦታ ሲሆን፣ በወረርሽኝ ወቅት ይበልጥ የሚከብደውም ይኸው ነው። ወሎ ይህን ያውቃል። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ እርዳታ ፍለጋ ኮረም የተሰበሰበውን ሕዝብ የፈጀው ረኃብ ብቻ አልነበረም፤ በተጨናነቀው ሰፈር ኩፍኝ፣ ተቅማጥ፣ ተስቦና ግርሻ ገብተው ብዙዎችን ቀጥፈዋል። በ2013 ዓ.ም. ክረምትም ከራያና ከሰሜን ወሎ የተፈናቀሉ ወገኖች ደሴ ሲገቡ ትምህርት ቤቶች መጠለያ ሆኑ። በአገሪቱ የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ሕመምተኛ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገኘ ገና ሁለት ዓመት አልሞላም ነበር። ብዙ ቤተሰብ በአንድ ክፍል በሚያድርበት ቦታ «ርቀታችሁን ጠብቁ» የሚለው ምክር ከንቱ ነው።

ስለዚህ ቀበሌው ክፍሎቹን አስቀድሞ መለካት አለበት። ዓለም አቀፉ የሰብዓዊ እርዳታ መስፈርት ለአንድ ሰው ቢያንስ 3.5 ካሬ ሜትር፣ በቀንም 15 ሊትር ውኃ ይጠይቃል። 7 ሜትር በ8 ሜትር የሆነ የመማሪያ ክፍል 16 ሰው ይይዛል፤ 40 አይይዝም። ስምንት እንዲህ ያሉ ክፍሎች ያሉት ትምህርት ቤት 128 ሰው ቢያስጠልል፣ በየቀኑ ባለ 20 ሊትር 96 ጀሪካን ውኃ ያስፈልገዋል። ማን ይቀዳዋል? በየትኛው አህያ? መልሱ ሰዉ በር ላይ ከመቆሙ በፊት መጻፍ አለበት።

ደጋው ደግሞ የራሱ ችግር አለው። በነሐሴ ሌሊት «መስኮት ክፈቱ» ብሎ ተጨማሪ ብርድ ልብስ አለመስጠት፣ መስኮቱን እንደ መዝጋት ይቆጠራል። ለከብት የሚሆን በረት ካልተዘጋጀም ገበሬው ሌሊት ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ከመጠለያው ይዞት የሚሄደውንም አያውቅም።

በመግቢያው ላይ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ስለ ትኩሳትና ሳል ትጠይቅ። ምልክት ያለበት ሰው የተለየ ክፍልና የተለየ መጸዳጃ ይሰጠው እንጂ አይባረር፤ መባረርን የፈራ ሰው ሳሉን ይደብቃል። የሳንባ ነቀርሳ ወይም የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ካርዱንና መድኃኒቱን ይዞ እንዲነሳ አስቀድሞ ይነገረው።

ብዙ ተፈናቃይ ግን ትምህርት ቤት አይገባም፤ ዘመድ ቤት ያርፋል። ይህ የወሎ ደግነት ነው፤ ነገር ግን እንግዳው ካልተመዘገበ ክትትልም ክትባትም ያመልጠዋል። በየቤቱ ማን እንዳደረ ከቅሬው የተሻለ የሚያውቅ ስለሌለ፣ ወረዳው ምዝገባውን ከቅሬ ዳኞች ጋር ይሥራ።

ሕመሙ የጠናበት ሰው ወደ መካነ ሰላም ሆስፒታል ይላካል። መኪና ከማይደርስባቸው ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርዱ ቀበሌዎች ግን በቃሬዛ ነው የሚወጣው። የተሸካሚዎቹ ስም በዕቅዱ ይጻፍ፤ ጭምብልና ሳሙናም ከቃሬዛው ጋር በአንድ ቦታ ይቀመጥ።