ድፍርስ ውሃ ስለ መጥራቱ የተነገረ ቃል



በክረምት ከወንዝ የተቀዳ ድፍርስ ውሃ በእንስራ ሲያድር ከላይ ይጠራል፤ ደለሉም ከታች ይረጋል። ይህን የማያውቅ ሰው የለም። ነገር ግን አሸዋው ወዲያው ሲወርድ ጭቃው እስከ ማግስት ድረስ የሚቈየው ስለ ምን ነው? ሁለቱም ከደንጊያ የደቀቁ ናቸው፤ በእኩል መጠን ቢመዘኑም ክብደታቸው የተቀራረበ ነው።

ይህን ነገር በቍጥር የገለጠው በአየርላንድ ተወልዶ በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ያስተማረው ጆርጅ ጋብርኤል ስቶክስ ነው፤ ጽሑፉም በ1851 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ታተመ። በፈሳሽ ውስጥ ያለችውን ትንሽ እንክብል ክብደቷ ወደ ታች ይስባታል፤ ፈሳሹ ግን ወደ ላይ ይገፋታል፤ ደግሞም እየታከከ ይይዛታል። እነዚህ ኀይሎች ሲተካከሉ በአንድ ልክ ፍጥነት ትወርዳለች። እንክብሏ ስታንስ ክብደቷ ከፈሳሹ መያዝ ይልቅ እጅግ ይቀንሳልና፤ ውፍረቷ በግማሽ ቢቀንስ ፍጥነቷ ሩብ ይሆናል፤ ውፍረቷ ዐሥረኛ ቢሆን ፍጥነቷ መቶኛ ይሆናል። ፈሳሹም እንደ ማር የዘለገለገ ሲሆን መውረዷ ይዘገያል፤ ሲሞቅና ሲቀጥን ግን ይፈጥናል።

ስለዚህ 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ባለው ውሃ ውስጥ፤ ውፍረቷ የሚሊ ሜትር ዐሥረኛ የሆነች የአሸዋ ቅንጣት ከአንድ ደቂቃ በፊት ከታች ትደርሳለች። መቶኛ የሆነችው አንድ ሰዓት ያህል፤ ሺኛ የሆነችው ግን 4 ቀን ያህል ይፈጅባታል። ይህ ልክ ድቡልቡል ለሆነችና ብቻዋን ለምትወርድ ቅንጣት ነው። ደቃቆቹ እርስ በርሳቸው ሲጣበቁ እንደ ትልቅ ሆነው ፈጥነው ይወርዳሉ፤ የተወቀጠ የሽፈራው ዘር ውሃን የሚያጠራውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ከዚህ ትምህርት የሚገኘው ትልቁ ጥቅም ግን ይህ ነው። በዐይን የማይታዩ የበሽታ ተሐዋስያን እጅግ ደቃቆች ናቸው፤ ክብደታቸውም ከውሃ እምብዛም አይበልጥም። እንግዲህ ጭቃው ሲረጋ እነርሱ ከጠራው ውሃ ውስጥ ይቀራሉ። የጠራ ውሃ ሁሉ ንጹሕ ነው ማለት ስሕተት ነው፤ በዚህ ስሕተትም ብዙ ሕፃናት ይታመማሉ፤ ይሞታሉም። ውሃው ከጠለለ በኋላ እስኪንተከተክ ድረስ ይፍላ፤ በደጋ አገርም 3 ደቂቃ እየተንተከተከ ይቈይ።

መምህሩ አፈርና ውሃ በጠርሙስ በጥብጦ ከተማሪዎች ፊት ያቁመው፤ አሸዋው ከታች፤ ደቃቁም ከላዩ በተራ ሲቀመጥ ይዩ። ሽማግሌዎችም ነገሩን በየቤቱ ያስረዱ፤ ማጥለል ለዐይን ነው፤ ማፍላት ግን ለሕይወት ነው።