መሬታችሁ ምን ዓይነት አፈር ነው? መረሬን መለየትና እንደ ጠባዩ መያዝ
ለሞዴል አርሶ አደሮች ሥልጠና የቀረበ ንግግር፣ ቱሉ ዲምቱ



ዛሬ ስለ አፈር እንነጋገራለን። ስለ አፈር እናንተን ማስተማር ድፍረት እንደሚመስል አውቃለሁ። የዚህ ሰፈር ስም ራሱ የአፈር ትምህርት ነው። ቱሉ ዲምቱ በኦሮምኛ ቀይ ኮረብታ ማለት ነው። አባቶቻችሁ ኮረብታውን በአፈሩ ቀለም ጠሩት፤ ከሥሩ የተዘረጋውን ጥቁር ሜዳ ደግሞ ኮቲቻ አሉት። በአማርኛ መረሬ እንለዋለን፣ በጎጃምና በጎንደር ዋልካ ይሉታል። ስለዚህ አፈርን መለየት ከከተማ የመጣ ዕውቀት አይደለም። የዛሬው ሥራችን ይህን የእናንተን ዕውቀት ከሳይንሱ ጋር አገናኝቶ አንድ ነገር ማስጨበጥ ነው፤ የአፈሩን ዓይነት ሳያውቁ ዘር፣ ማዳበሪያና የመዝሪያ ጊዜ መወሰን ገንዘብን ውሃ ላይ መበተን ነው።

አሁን ግንቦት ነው፤ የመሬቱ ስንጥቅ ገና አልተዘጋም። አፈሩ ማንነቱን የሚናገርበት ጊዜ ስለሆነ በደንብ እንጠቀምበት።

1. መረሬ ምንድን ነው?

በዓለም የአፈር አመዳደብ መረሬ ቨርቲሶል ይባላል። ስሙ መገልበጥ ወይም መዞር ከሚል የላቲን ቃል የመጣ ነው። የአቃቂን ሜዳ የመሰለው በጣም ጥቁር የሆነው ዓይነት ፔሊክ ቨርቲሶል ተብሎ ይመዘገባል። በአገራችን ወደ 13 ሚሊዮን ሄክታር የሚጠጋ መረሬ አለ፤ ከዚህ ውስጥ ከ7 ሚሊዮን ሄክታር በላይ የሚሆነው በደጋውና በወይና ደጋው ነው። በአፍሪካ ከሱዳንና ከቻድ ቀጥሎ ሰፊ የመረሬ መሬት ያለን እኛ ነን።

ለምን «የሚገለበጥ አፈር» ተባለ? አፈሩ ስሜክታይት የሚባል የሸክላ ማዕድን በብዛት አለው። ይህ ማዕድን እንደ መጽሐፍ ቅጠል የተደራረበ ነው። ውሃ ሲያገኝ በቅጠሎቹ መካከል ያስገባና ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል። በበጋ ሲኮማተር መሬቱ ይሰነጠቃል፤ የላይኛው ደቃቅ አፈር ወደ ስንጥቁ ይወድቃል። በክረምት አፈሩ ሲያብጥ ታች የገባው ቦታ ስለሚያጣ ጎንና ጎኑን ይገፋል፣ ወደ ላይም ያነሣል። በየዓመቱ ለቅማችሁ የምትጨርሱት ድንጋይ ተመልሶ ብቅ የሚለው፣ የአጥር እንጨት የሚያዘምመው፣ የቤት ወለልና ግድግዳ የሚሰነጠቀው በዚሁ ምክንያት ነው። በአካባቢያችን የሚሠሩ ተቋራጮች ጥቁሩን አፈር ቆርጠው በመኪና ካወጡ በኋላ ሌላ አፈር የሚሞሉትም ይህን ጠባዩን ስለሚያውቁ ነው።

2. ጥቁር ሁሉ ለም አይደለም

ብዙዎቻችን «ጥቁር አፈር ጠገበ» እንላለን። ይህ ግማሽ እውነት ነው። መረሬ እንደ ካልሲየምና ማግኒዥየም ያሉ ንጥረ ነገሮችን በደንብ ይይዛል፣ ውሃም ያከማቻል። ጥቁረቱ ግን ብስባሽ ስለበዛበት አይደለም፤ ጥቂት ብስባሽ ከሸክላው ጋር አጥብቆ ስለተጣበቀ ነው። በተደጋጋሚ የታረሰ መረሬ አብዛኛውን ጊዜ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ያንሰዋል። ኩበቱ ለማገዶ፣ ገለባው ለከብት ሲሄድ ደግሞ የባሰ ይጎድለዋል።

ውሃውም እንዲሁ ነው። የመጀመሪያው ዝናብ በስንጥቁ በኩል ወደ ታች ይገባል። አፈሩ አብጦ ስንጥቁ ከተዘጋ በኋላ ግን ውሃው የማስረጊያ መንገድ ያጣል፤ ማሳው ላይ ይተኛል። የሰብሉ ሥር አየር አጥቶ ይታፈናል። ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል። በዚህ ጊዜ «ዩሪያ አነሰው» ብሎ መጨመር ያለ ነው። ውሃ በተኛበት መሬት ላይ ግን ከናይትሮጅኑ ብዙው ወደ አየር ይበናል። ማሳው የሚፈልገው መጀመሪያ ቦይ ነው፤ ዩሪያው ከዚያ በኋላ ይመጣል።

3. በራሳችሁ እጅ የሚሠራ ምርመራ

አምስት ነገር ተመልከቱ። የምታስፈልጋችሁ ዶማ፣ ዘንግና ጥቂት ውሃ ብቻ ናት።

ሀ. ስንጥቅ። ስንጥቁ ጣት ያስገባል ወይ? ዘንግ ብትሰዱበት ግማሽ ሜትር ይወርዳል ወይ? ከሆነ የመረሬ ዋናውን ምልክት አገኛችሁ።

ለ. የእጅ ሙከራ። አንድ እፍኝ አፈር በውሃ አርሳችሁ እንደ ሊጥ እሹት። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል እየገፋችሁ እንደ ጥብጣብ አውጡት። ሳይበጠስ ከ5 ሴንቲ ሜትር በላይ ከረዘመ ሸክላ የበዛበት ነው። ከ3 ሴንቲ ሜትር በታች ከተበጠሰ ቀለል ያለ አፈር ነው።

ሐ. ጉድጓድ። አንድ ሜትር ያህል ቆፍሩ። ከታችኛው ክፍል ጓል አውጥታችሁ ፈርክሱት። ገጹ እንደ ተወለወለ የሚያብረቀርቅ፣ የተፋተገ ጭረት ያለበት፣ ቅርጹም እንደ ሽብልቅ ከሆነ አፈር ከአፈር ጋር ሲገፋፋ የቆየበት ማስረጃ ነው። ሳይንሱ ቨርቲሶል ብሎ ለመመደብ ሸክላው ቢያንስ ከመቶ 30 መሆኑን፣ ስንጥቁንና ይህን የሚያብረቀርቅ ገጽ ይፈልጋል።

መ. የላይኛው ገጽ። ሲደርቅ ላዩ እንደ ጥሬ ፍርፋሪ ሆኖ ይበተናል ወይ? ይህም የመረሬ ጠባይ ነው።

ሠ. ውሃ። ክረምቱ ከገባ በኋላ 30 ሴንቲ ሜትር ጉድጓድ ቆፍራችሁ ውሃ ሙሉበት። በማግሥቱ ውሃው እዚያው ካለ ማሳው ማጠንፈፍ ይፈልጋል።

ጉድጓዱን አትዝለሉት። ላዩ ቡናማና ቀላል መስሎ ከግማሽ ሜትር በታች የተጣበቀ ጥቁር ሸክላ የተኛበት ማሳ አለ። ላዩን ያየ ሰው ይሸወዳል።

4. አንድ ማሳ፣ ሦስት አፈር

እንበል፣ አራት ጥማድ መሬታችሁ ከኮረብታው ጎን ተነሥቶ ሜዳው ድረስ ይወርዳል። አንድ ማሳ ይመስላል፤ ሦስት ዓይነት አፈር ግን ሊሆን ይችላል።

ላይኛው ቀይ ነው። ቀለሙን የሰጠው እንደ ዛገ ብረት ያለ ማዕድን ነው። ውሃ ቶሎ ያሰርጋል፣ ቶሎም ይደርቃል። አደጋው መሸርሸር ነው፤ እርከንና አግድም እርሻ ይፈልጋል። ዝናቡ እንደ ጸና ቀድሞ የሚዘራው ይህ ነው።

መካከለኛው ቡናማ ነው። የሁለቱም ጠባይ አለበት። ጉድጓድ ቆፍራችሁ ሳታዩ አትወስኑበት።

ታችኛው መረሬ ነው። ከላይ የታጠበው ደቃቅ አፈርና ውሃ የሚጠራቀመው እዚህ ነው። ችግሩ ሁሉ የውሃ ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ይበዛበታል፣ ጥቅምት ላይ ደግሞ የቀረው ርጥበት ሀብት ይሆናል።

ለሦስቱም አንድ ቀን መዝራት፣ አንድ መጠን ማዳበሪያ መበተን ትክክል አይደለም። ለላቦራቶሪ ናሙና ስትወስዱም አትቀላቅሏቸው። ከእያንዳንዱ ዓይነት ከ10 እስከ 15 ቦታ፣ እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት እየወሰዳችሁ በንጹሕ ዕቃ አደባልቁና አንድ ኪሎ ለዩ። ከፍግ ክምር፣ ከአጥር ሥርና ከመንገድ ዳር አትውሰዱ። ኖራም ቢሆን አሲዳማነቱ በምርመራ ሳይታወቅ መረሬ ላይ አይበተንም።

5. መረሬን እንዴት እንያዘው?

ማጠንፈፍ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1986 ጀምሮ፣ ተመራማሪዎች ከግብርና ሚኒስቴር ጋር ሆነው በመረሬ ላይ ሲሠሩ ከራሳችን ማረሻ የተሠራ ሰፊ መደብና ቦይ ማውጫ አወጡ፤ ብዙዎቻችሁ ቢቢኤም ብላችሁ የምታውቁት ነው። በአንድ ጥማድ በሬ ይጎተታል። መደቡ 80፣ ቦዩ 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የሰሜን ሸዋ የእነዋሪ ገበሬዎች ደግሞ ከዚያ በፊት በእጃቸው መደብ እያወጡ ውሃውን ያጠነፍፉ ነበር። መሣሪያው ባይኖራችሁ በማረሻ ፈሰስ ማውጣት ከምንም ይሻላል።

ቦዩ ግን መውጫ ይፈልጋል። ሜዳው ልጥ ያለ ስለሆነ ከእናንተ የወጣ ውሃ ጎረቤት ማሳ ላይ ይተኛል፤ ጠብም ይመጣል። ስለዚህ ዋናው ተፋሰሻ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። ከላይ እስከ ታች ያሉ ባለማሳዎች ከሰኔ በፊት ተነጋግረው አንድ ላይ ሊቀዱት ይገባል። ሞዴል መሆን እዚህ ላይ ይታያል።

የእርሻ ጊዜ። መረሬ ሲደርቅ ድንጋይ፣ ሲረጥብ ሙጫ ነው። መካከሉ አጭር ነው። አፈሩን ጨብጡት፤ እጅ ላይ ከተለጠፈ ቆዩ፣ ከተፈረከሰ ጥመዱ።

የመዝሪያ ጊዜ። በመደብ ላይ ስንዴ ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ መጀመሪያ መዝራት ይቻላል። ያለ መደብ ግን ውሃው እስኪጎድል መጠበቅ ግድ ነው፤ በዚህም የዕድገት ጊዜ ይባክናል። ጤፍ ከሌሎቹ ይልቅ ውሃን ስለሚችል በሐምሌ አጋማሽና መጨረሻ ይዘራል። ሽምብራ ከነሐሴ መጨረሻ እስከ መስከረም አጋማሽ በቀሪው ርጥበት ይዘራል፤ ከዚያ በፊት ውሃ ባልተጠነፈፈ ማሳ ላይ ከገባ ሥሩ ይበሰብሳል። ስንዴና ጤፍን ከሽምብራና ከምስር ጋር ማፈራረቅ መሬቱን በናይትሮጅን ይረዳል፣ በሽታንም ይቀንሳል።

ማዳበሪያ። ዩሪያን በአንድ ጊዜ አትበትኑ። ከፊሉን በዘር ጊዜ፣ ቀሪውን ሰብሉ ሲያጎነቁል፣ ውሃ ባልተኛበትና አፈሩ ርጥበት ባለው ቀን ስጡ። ኮምፖስት በየዓመቱ ቢያንስ በተራ ለአንድ ጥማድ አድርሱ።

6. መረሬ የያዘውን አይለቅም

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። የአቃቂ ወንዝ ከከተማውና ከፋብሪካው ብዙ ፍሳሽ ይዞ ይወርዳል። በወንዙ በሚለማ አትክልት ላይ ከባድ ብረቶች መገኘታቸው በጥናት ታውቋል። መረሬ ንጥረ ነገርን አጥብቆ እንደሚይዝ ሁሉ እነዚህንም አጥብቆ ይይዛል፤ አንዴ ከተከማቹ በዝናብ ታጥበው የሚሄዱ አይደሉም። እንደ ሰላጣና ቆስጣ ያሉ ቅጠላ ቅጠሎች ደግሞ ከሌላው ይልቅ ይስቧቸዋል። ውሃው ሳይመረመር ለልጆቻችሁ መሬት የማይወጣ ዕዳ አታውርሱ።

ማጠቃለያና የቤት ሥራ

ከተማው ወደ እኛ መጥቷል። የሰፋው ቤትና መንገድ ነው፤ የእርሻ መሬት ግን አይሰፋም። ስለዚህ በቀረችው ጥማድ ላይ ስህተት አንችልም። ከዚህ ስትመለሱ ሦስት ነገር ሥሩ።

አንደኛ፣ ስንጥቁ ሳይዘጋ በማሳችሁ ላይኛው፣ መካከለኛውና ታችኛው ክፍል አንድ አንድ ጉድጓድ ቆፍሩ፤ ያያችሁትን ጻፉ።

ሁለተኛ፣ አፈሩ የሚለወጥበት ቦታ ላይ ካስማ ትከሉ። ከእንግዲህ እያንዳንዱን ክፍል እንደ ራሱ ማሳ ቁጠሩት።

ሦስተኛ፣ ተከታዮቻችሁንና ጎረቤቶቻችሁን ጉድጓዱ ዳር ሰብስባችሁ አሳዩአቸው፤ የውሃ መውጫውንም እዚያው ተስማሙ። የልማት ሠራተኛውን ጥሩ፣ አብሮ ይለካል።

አባቶቻችሁ ኮረብታውን ቀይ፣ ሜዳውን ኮቲቻ ብለው ለይተው አስረክበዋችኋል። እናንተ ደግሞ ማሳችሁን ጥማድ በጥማድ ለይታችሁ ለልጆቻችሁ አስረክቡ።

ክረምቱን የበረከት ያድርግላችሁ።