የተረሳው ፍሎፒ

አቅራቢት፦ በቨርቹዋላይዜሽን ሶፍትዌር ውስጥ ማንም የማይነካው አሮጌ ኮድ ከአዲሱ ይልቅ ያሰጋል ባይ ነኝ። ማስረጃዬ እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ የሆነው «ቬኖም» የተባለው የደኅንነት ስህተት ነው። ስህተቱ የተገኘው ኪውኢሙ በተባለው የቨርቹዋላይዜሽን ሶፍትዌር ውስጥ፣ የፍሎፒ ዲስክ መቆጣጠሪያን አስመስሎ በሚሠራው ክፍል ነበር፤ ከ2004 ጀምሮ እዚያው ተቀምጦ ነበር። ዜንና ኬቪኤም የተባሉት ሌሎች የቨርቹዋላይዜሽን ሶፍትዌሮችም ኮዱን ስለሚጠቀሙ ችግሩን ወረሱ። በእንግዳው፣ ማለትም በቨርቹዋሉ ማሽን ላይ ሙሉ ሥልጣን ያለው ሰው ከመጠን ያለፈ ዳታ ልኮ የሜሞሪውን ወሰን ሊያስጥስ፣ በዚያም በኩል አስተናጋጁ ኮምፒውተር ላይ የራሱን ኮድ ሊያስኬድ ይችል ነበር።

አቅራቢ፦ ቆይ እንጂ፣ መጀመሪያ የእንግዳው ማሽን አለቃ መሆን ካስፈለገ፣ ስጋቱ ተጋነነ አትይም? ደግሞስ ፍሎፒውን መዝጋት ነው!

አቅራቢት፦ ክላውድ ላይ እኮ ያንን ሥልጣን ገንዘብ የከፈለ ሁሉ ያገኘዋል፤ በዚያው አስተናጋጅ ላይ ያለ የጎረቤት ተከራይ ማንነት ደግሞ አይታወቅም። መዝጋቱም አልበጀም፤ በዜንና በኪውኢሙ በነበረ ሌላ ስህተት ምክንያት ድራይቩ ተዘግቶም ኮዱ ከእንግዳው ይደረስበት ነበር። በአንድ ነገር እስማማለሁ፦ ይፋ ሲሆን ጥቃት ተፈጽሞበታል የሚል ማስረጃ አልቀረበም። ቪኤምዌርና ሃይፐር-ቪም አልተነኩም፤ ያንን ኮድ ስላልተሸከሙ ነዋ! ማስተካከያውን መጫን ግዴታ ነው፤ እኔ ግን የማያስፈልገውን የመሣሪያ ኮድ ነቅሎ ማውጣትን አስቀድማለሁ።

አቅራቢ፦ አሮጌ ሲስተም የሚያስኬዱትስ?

አቅራቢት፦ ለእነሱ ለብቻ ይሰጣቸው፤ ሁሉም ማሽን ላይ ሳይጠየቅ ለምን ይጫናል?