የረጋው ውሃ ምን ይዟል? የጆርጅ ኬሌብ ቢንገምን አንድ ሥዕል ስለ መመልከት



ከፊታችሁ የሚታየው ሥዕል በእውኑ ሲታይ ትልቅ አይደለም፤ ቁመቱ 74፣ ወርዱ 93 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። አሜሪካዊው ሠዓሊ ጆርጅ ኬሌብ ቢንገም በ1845 በዘይት ቀለም ሠራው (ዓመታቱን ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር እጠራለሁ)፤ ዛሬ በኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ይገኛል። «ሚዙሪን ቁልቁል የሚወርዱ የፀጉራም ቆዳ ነጋዴዎች» ተብሎ ይጠራል። ከመናገሬ በፊት ለአንድ ደቂቃ ዝም ብለን እንየው።

አብዛኞቻችሁ «ጸጥታ» የሚለውን ቃል ሳታስቡ አልቀራችሁም። እኔም መጀመሪያ ያሰብኩት ይህንኑ ነበር። ነገር ግን ጸጥታው በራሱ የመጣ አይደለም፤ የተሠራ ነው። ከአንድ ግንድ የተቦረቦረው ታንኳ ከሸራው ግርጌ ጋር ትይዩ ሆኖ ተጋድሟል፤ ወደ እኛም አይመጣም፣ ከእኛም አይሸሽም። በስተቀኝ ፒፓ በአፉ የያዘው ሽማግሌ መቅዘፊያውን ውሃው ውስጥ ነክሯል። መካከል ላይ ሰማያዊ ሸሚዝ የለበሰው ወጣት በጭነቱ ላይ ተደግፎ ፈገግ ብሏል፤ አጠገቡ የተገደለ ዳክዬ ይታያል። በስተግራ ጫፍ አንድ ጥቁር ግልገል ታስሮ ተቀምጧል። ይህ እንስሳ ለረጅም ጊዜ አከራክሯል፤ ድመት ነው ያሉ ነበሩ፣ ቀበሮ ያሉም ነበሩ። ዛሬ የድብ ግልገል መሆኑ ተቀባይነት አግኝቷል። ከበስተኋላ የደሴቱ ዛፎች በጉም ደብዝዘዋል። የብሩሹ ዱካ በቀላሉ አይገኝም። የ20ኛው ክፍለ ዘመን አጥኚዎች «ሉሚኒዝም» ብለው የሰየሙት የብርሃን አሣሣል ከሚታወቅባቸው ነገሮች አንዱ ይኸው የሠዓሊው እጅ መሰወር ነው።

አሁን ታንኳውና ነጸብራቁ የሚገናኙበትን መስመር ተመልከቱ። ግልገሉ ከላይም ከታችም አለ፤ ሰዎቹም እንዲሁ። ዓይናችን ቁልቁል ሲወርድ ያየውን መልሶ ስለሚያገኝ የሚቸኩልበት ምክንያት ያጣል። ሌላም ነገር አለ፤ ሁለቱም ሰዎች ወደ እኛ ያያሉ። በቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችን ጻድቃን በሁለት ዓይን፣ ክፉዎች በጎን በአንድ ዓይን እንደሚሣሉ ታውቃላችሁ። ቢንገም ይህን ሥርዓት አያውቅም፤ ሆኖም ለዚህ ትውፊት ያደረ ተመልካች የእነዚህን ሰዎች ትኩር ያለ እይታ በቸልታ አያልፈውም። ወጣቱ ይቀበለናል፤ ሽማግሌው ግን ማንነታችንን የሚመረምር ይመስላል።

ሚዙሪ በእውኑ እንዲህ ያለ ወንዝ አልነበረም። ደለል የሚያጥለቀልቀው፣ ድፍርስነቱ የታወቀ፣ ውስጡ በተቀበሩ ግንዶች ጀልባ የሚሰብር ውሃ ነበር። ሠዓሊውም አልደበቀውም፤ ከፊት ለፊት ከውሃው ብቅ ያሉትን እንጨቶች ልብ በሉ። የቢንገም ቤተሰብ ፍራንክሊን ወደተባለችው የሚዙሪ ከተማ የገባው በ1819 ሲሆን፣ የመጀመሪያው የእንፋሎት መርከብ በሚዙሪ ሽቅብ ተጉዞ እዚያው የደረሰው በዚያው ዓመት ነው። ስለዚህ በ1845 እንዲህ በታንኳ የሚወርድ ነጋዴ ዘመኑ እያለፈበት ነበር። ጉሙን በዚህ ዓይን ካየነው የማለዳ አየር ብቻ ሆኖ አይቀርም።

ወደ ስሙ እንምጣ። ቢንገም ሥዕሉን «ፈረንሳዊ ነጋዴና ክልስ ልጁ» የሚል ትርጉም ባለው ርእስ ነበር ያቀረበው፤ በእንግሊዝኛው ለ«ክልስ» የገባው ቃል ዛሬ እንደ ስድብ ይቆጠራል። የተቀበለው በኒው ዮርክ የነበረው የአሜሪካ የሥነ ጥበብ ኅብረት ነው፤ አባላቱ በዓመት 5 ዶላር እየከፈሉ ሥዕል በዕጣ ያገኙ ነበር። አሁን የምናውቀውን ርእስ የሰጠው ይኸው ኅብረት ነው። ነውረኛው ቃል ወጣ፤ ነገር ግን አባትነትና ልጅነትም አብረው ወጡ። ወጣቱ የእናቱን ወገን ያጣው በአንድ ርእስ ለውጥ ነው ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም። ቀድሞ ቤተሰብ የነበሩት ሁለቱ ሰዎች አሁን የሥራ ባልደረቦች ብቻ ሆነዋል።

ቢንገም በዚያው ዓመት ለዚያው ኅብረት «የተሸሸገው ጠላት» የተባለ፣ መጠኑ ከዚህኛው ጋር የሚቀራረብ ሌላ ሥዕል ልኳል። በዚያኛው አንድ የኦሴጅ ተዋጊ ጠመንጃ ይዞ ከወንዙ በላይ ባለ ዓለት ጀርባ አድፍጧል። ብዙ ተመራማሪዎች ሁለቱ ጥንድ ሆነው ታስበዋል ይላሉ። ኦሴጆች ግን የሚዙሪ መሬታቸውን በ1808 እና በ1825 ውሎች እንዲለቁ ተደርገው ነበር። እንግዲህ «ጠላት» የተባለው ከገዛ አገሩ የተገፋው ሰው ነው።

ይህን የሰሙ አንዳንድ ተማሪዎቼ «ታዲያ ጸጥታው ውሸት ነዋ!» ይሉኛል። እኔ አልስማማም። ብርሃኑ እውነተኛ ነው፤ የሽማግሌው ዓይንም እውነተኛ ነው። ቢንገም በ1851 ይህንኑ ጉዳይ እንደገና ሣለው፤ ሥዕሉ በዲትሮይት የሥነ ጥበብ ተቋም ይገኛል። እዚያ ነገሩ ሁሉ ይበልጥ ጥርት ብሏል፤ ለእኔ ግን ሥዕሉ የሚያስፈልገው ጭንቀት ከጉሙ ጋር አብሮ ገፏል።

መብራቱን አንዴ እናጥፋውና ግልገሉን ከነነጸብራቁ እንደገና እንየው፤ ጥያቄዎቻችሁን ከዚያ በኋላ እቀበላለሁ።